ማስተካከያ፦ የባህር ዳርቻ አዙሪት ብቻውን ውሃ አያዋህድም

«የባህር ዳርቻ አዙሪቶች የላይኛውንና የታችኛውን ውሃ እንደ ማማሰያ ያዋህዳሉ» ተብሎ ቀደም ሲል የወጣው መረጃ መስተካከል አለበት።

ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን አዙሪት ዋና ሥራው ውሃን ወደ ጎን መጎተትና ማጠፍ ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ ውሃ ጎን ለጎን ካገኘ፣ ሁለቱንም እየሳበ ቀጭን ክር ያደርጋቸዋል። ክሮቹ ግን ገና አልተዋሃዱም። ተርቡለንስ የሚባለው የተመሰቃቀለ ፍሰት እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ሊበጣጥሳቸው ይገባል። የመጨረሻውን ሥራ የሚሠሩት ሞለኪውሎች ናቸው። እዚህ ላይ የሚገርመው፣ ጨው ከሙቀት 100 እጥፍ ገደማ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራጨው። ሙቀቱ እኩል ሆኖም የጨው ልዩነቱ ሊቆይ ይችላል።

ከላይ ወደ ታች ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ቀላል ውሃ ከባድ ውሃ ላይ ሲተኛ ተርቡለንሱ ይታፈናል። ያንን ለመስበር ጉልበት ያስፈልጋል፦ ነፋስ፣ ከባህሩ ግርጌ ጋር የሚፋተግ ጅረት ወይም በውሃው ውስጥ የሚሰበር ሞገድ።

«ሁሉም አዙሪት ጥልቁን ውሃ ወደ ላይ ያወጣል» የሚለውም ልክ አይደለም። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ የሚዞር ትልቅ አዙሪት ሲጠነክር በአብዛኛው ቀዝቃዛውን ውሃ ያነሳል፤ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ የሚዞረው የላይኛውን ወደ ታች ይገፋል። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ይገለበጣል።

ስለዚህ በሳተላይት ምስል ላይ ያማረ ሽክርክሪት ስለታየ ብቻ ውሃው ተዋህዷል ማለት አይቻልም። ያንን ለማወቅ መለኪያ ወደ ውሃው ወርዶ፣ በሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ የፍጥነትና የሙቀት ለውጥን መመዝገብ አለበት።