ሳጥን በሳጥን
እህቴ ከአሜሪካ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አመጣችልኝ። ባለ 6 ኢንች። ዓይን አይወጋ፣ ቻርጁ ሳምንታት ይቆያል። እሰይ አልኩ። ከዚያ የአማርኛ መጽሐፍ ጫንኩበት። በፊደል ፈንታ ገጹ ሙሉ ሳጥን! የግዕዝ ፊደል እኮ ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አንዲት ፎንት አብሮ መጫን ይህን ያህል ይከብዳል?

እሺ፣ ፒዲኤፍ ልሞክር። እሱም ስካን የተደረገ ነው፤ ገጹ ተንጋዷል፣ ጥግ ላይ የሰውዬው አውራ ጣት ሳይቀር ይታያል። ፊደሉ ጤፍ አክሏል። ላጉላው ስል መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ ጎትቼ «ሄደ» የሚለውን ሳገኝ ማን እንደሄደ ረስቼዋለሁ። በየጉተታው ደግሞ ስክሪኑ ጥቁር ብልጭ ይላል።

እህቴ ስትደውል «እያነበብክበት ነው?» ትለኛለች። «በጣም!» እላታለሁ። ምን ልበላት?