እርማት፦ ኤምካትን ደግሞ መፈተን የቀድሞውን ውጤት አያጠፋም

የኤምካት (የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች መግቢያ ፈተና) ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ቀጣዩን እርምጃ ለሚያስቡ ልጆች አንድ ምክር ደጋግሞ ሲሰጥ አያለሁ። ጭብጡ ይህ ነው፦ «አትጨነቁ፣ ደግማችሁ ተፈተኑ። አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካዋል፤ ትምህርት ቤቶቹም የሚያዩት ከፍተኛውን ብቻ ነው።» በቅንነት የተባለ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ልክ አይደለም።

በአሜሪካ ለሕክምና ትምህርት ቤት ስታመለክቱ የቀድሞው ውጤት አብሮ ይታያል። መጀመሪያ 498፣ ቀጥሎ 510 ብታመጡ ሁለቱም ቁጥሮች ለትምህርት ቤቶቹ ይቀርባሉ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ከፍተኛውን ይመዝናል፣ አንዳንዱ የመጨረሻውን። አማካዩን የሚወስድም አለ።

ይህን የማነሳው ስሕተቱ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። «ለሙከራ ያህል» ብሎ ሳይዘጋጅ የሚቀመጥ ሰው አለ፤ ያሳዝነኛል። ዕድሉ እኮ ገደብ አለው፦ በ1 ዓመት 3 ጊዜ፣ በተከታታይ 2 ዓመታት 4 ጊዜ፣ በዕድሜ ልክ 7 ጊዜ። በእርግጥ በፈተናው ቀን ፈተናው እንዳይታረም ማሰረዝ ይቻላል። ያኔ ትምህርት ቤቶቹ አያዩትም፤ ከ7ቱ ዕድሎች ግን አንዱ ሄዷል። ተመዝግቦ መቅረትም እንደዚያው ይቆጠራል።

ደግማችሁ አትፈተኑ ማለቴ አይደለም። በደንብ ተዘጋጅቶ መመለስ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን የፈተናው አዘጋጅ የሆነው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በድረ ገጹ ያወጣውን ደንብ አንብቡ። ሁለት ውጤት ሲያይ የትኛውን እንደሚይዝ ደግሞ የምትፈልጉትን ትምህርት ቤት የቅበላ ቢሮ በኢሜይል ጠይቁ።