ከላፕቶፕ ስር የተገኘ ደራሲ

የስነጽሁፍ መጽሔት ሰብስክራይብ ያደረኩት ለማንበብ ነው ብዬ አልዋሽም፣ እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ እንዲያየው ነው። እንግዳ ደሞ አይመጣም። መጽሔቱ ግን በየሦስት ወሩ ይመጣል፣ እኔም ፕላስቲኩን ሳልቀድ ላፕቶፑ ስር አስገባዋለሁ፣ አምስት እትም ሲደራረብ ካሜራው ልክ ፊቴ ጋ ስለሚደርስ የኦንላይን ስብሰባ ላይ የበሰልኩ ሰው እመስላለሁ። ስነጽሁፍ ሰውን ከፍ ያደርጋል የሚሉት ለካ እውነት ነው።

አንድ ቀን ኢንተርኔት ጠፋ። ስልኬን አስር ጊዜ አጥፍቼ አብርቼ ምንም ሲለኝ፣ ከግድግዳ ጋር ከመፋጠጥ ብዬ ከስር ያለውን እትም መዝዤ ቀደድኩት። ግጥሞቹን ዘለልኩ (ገጣሚዎች ይቅር በሉኝ)። አንድ ሃያሲ ስለ ሌላ ሃያሲ የጻፈውንም ዘለልኩ፣ በምን እንደተጣሉ ስላላወቅኩ ለማን ልወግን። ከዛ ከመሀል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ዱብ አለች፣ ለደንበኞች በስጦታ የተላከች፣ ከጀርመንኛ የተተረጎመች ኖቬላ። መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር ነው፣ ሁሉም ሰው ያየዋል ግን ማንም አያወራውም። ባለ ሁለት አሃዝ ነው። ባለ ሦስት ቢሆን ኖሮ እኔና ደራሲው ዛሬም አንተዋወቅም። መቅድም ደሞ አላነብም፣ ይሄ ነው በኋላ ጉድ የሰራኝ።

ሰውዬው ጠዋት ሲነሳ ትልቅ ነፍሳት ሆኗል። ጀርባው ድንጋይ፣ እግሮቹ ቁጥር ስፍር የላቸውም፣ እና ምን ቢያስጨንቀው ጥሩ ነው? ስራ መርፈዱ! የ11 ሰዓቱ ባቡር አምልጦታል፣ ሰዓቱ 12 ተኩል ብሏል፣ እሱ ተንጋሎ አለቃዬ ምን ይለኛል እያለ ይብሰለሰላል። ትንሽ ቆይቶ የመስሪያ ቤቱ ኃላፊ በር ላይ ከች አለ። እዚህ ጋ መጽሐፉን አስቀምጬ እግሬን ቆጠርኩ። ምክንያቱም እኔም ብሆን መጀመሪያ የምጽፈው "ትንሽ ስላመመኝ ዛሬ ከቤት ልስራ" የሚል ሜሴጅ ነው እንጂ ሐኪም ጋ አልደውልም።

በአንድ ቁጭታ ጨረስኩት። ኢንተርኔት እንደመጣ ሮጥ ብዬ የድሮ ክላስሜቶች ግሩፕ ላይ "አዲስ ጸሐፊ አገኘሁላችሁ፣ ፍራንዝ ካፍካ ይባላል፣ ይሄ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል፣ አካውንቱን ፈልጌ አጣሁት እንጂ ፎሎው ባደረኩት" ብዬ ለቀኩት። ከሁሉም ቀድሞ የመለሰልኝ አንዱ አንባቢ ነኝ ባይ ጓደኛችን ነው፦ "ወንድሜ ሞቷል እኮ።"

አመተ ምህረቱን ወዲያው ቢጽፈው ምን ነበረበት! እሱ በፈረንጆቹ 1924 ብሎ እስኪጨምር ድረስ እኔ በግል እያዋራሁት ነው፣ መጽሐፉ በፈረንጆቹ 1915 ጥቅምት ላይ አንድ ወርሃዊ የጀርመን መጽሔት ላይ እንደወጣ፣ ካፍካ ሽፋኑ ላይ ነፍሳቱ እንዳይሳል አሳታሚውን እንደለመነ፣ ሰውዬው የሆነውን ነገር የምትጠራዋ የጀርመንኛ ቃል የትኛው ነፍሳት እንደሆነ ስለማትናገር ተርጓሚዎች እስከዛሬ እንደሚነታረኩባት እየነገረኝ ነው። የኔን ሽፋን ገልብጬ አየሁት። ጎማ የሚያህል በረሮ።

አንድ ነገር ግን አጽናናኝ፣ የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎችም እንደኔ መጽሔት የሚመጣላቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው፣ ያኔ ላፕቶፕ ባይኖርም የሚወዛወዝ ጠረጴዛ መቼም አይጠፋም።

ወደ ግሩፑ ስመለስ 43 ሜሴጅ። "ነፍስ ይማር።" "ኧረ መቼ? ትላንት አይደል እንዴ ስለሱ የተወራው?" "ስንት አመቱ ነበር?" አንባቢው 40 ብሎ መለሰ፣ ይባስ አቀጣጠለው፣ "ውይ በልጅነቱ"፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ በየመስመሩ። አስተካክላለሁ ብዬ መጻፍ ስጀምር አድሚኗ የግሩፑን ፎቶ ወደ ሻማ ቀይራ፣ እኔን ታግ አድርጋ፣ "ቤተሰቡን የምታውቀው አንተ ስለሆንክ ቀብሩ መቼ እንደሆነ አሳውቀን" አለችኝ።