የከፈላችሁት ብድር በመዝገብ ላይ ተዘግቷል?

የቡና ለቀማ ሲደርስ ጅማ ጥሬ ብር ትፈልጋለች። እሸት ቡና የሚገዛው እጅ በእጅ ነው፤ ገበሬው "ሳምንት ጠብቀኝ" ቢሉት አይሰማም። ነጋዴው ባንክ ደጅ የሚጠናውም ያኔ ነው። አንዳንዱ ታዲያ ከዓመታት በፊት ከፍሎ የጨረሰው ብድር "ያልተከፈለ" ተብሎ ይጠብቀዋል።

ባንኮች ከማበደራቸው በፊት የብሔራዊ ባንክን የብድር መረጃ ቋት ያያሉ። መረጃውን የሚልኩት ደግሞ ራሳቸው አበዳሪዎቹ ናቸው። አንድ ቅርንጫፍ የተዘጋ ብድር ሳይዘጋ ካለፈው ሌሎቹም ባንኮች እንደዚያው ያነቡታል። ክፍያው 90 ቀን ካለፈው ደግሞ የተበላሸ ብድር ይባላል።

የስም ነገርማ አይነሳ። ጅማ ውስጥ ስሙ እስከ አያቱ የሚገጥም ስንት መሐመድ አለ? በእንግሊዝኛ አንዱ ባንክ በአንድ ኤም፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል። በቁቤ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ሰውን ከሰው የሚለየው በዋናነት የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ቲኑ ነው። እሱም ላይ አንዲት አሃዝ ከተሳሳተች የሌላ ሰው ዕዳ ተሸካሚ መሆን ይመጣል።

እኔን የሚያናድደኝ ከስህተቱ በኋላ ያለው ነው። ብድር የከለከለው ባንክ "መረጃውን የላከው ባንክ ሂድና አስተካክል" ይላል። እዚያ ሲሄዱ "ዋናው መሥሪያ ቤት ነው" ይባላል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ለምን? የተሳሳተውን መረጃ የላከው ባንክ ነው፤ መሮጥም ያለበት እሱ ነው። ከልካዩ ባንክም በየትኛው ባንክ፣ የትኛው ብድር እንዳገደው በወረቀት ይስጥ። በአፍ የተነገረ ነገር ይዞ ማን ጋ ይከሰሳል?

እስከዚያው ራስን መጠበቅ ነው። ብድር ስትጨርሱ ማህተም ያለው ክሊራንስ፣ ማለትም ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ሳትይዙ አትውጡ፤ ስማችሁንና ቲናችሁን እዚያው አመሳክሩ። መዝገባችሁን ለማየት ለቀማ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ክረምት ላይ ጠይቁ። ስህተት ካለ ለላከው ባንክ በደብዳቤ አመልክቱ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ማህተም አስመቱ። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ቅሬታ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። ባንኩ ዝም ካለ ያንን ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ይዞ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል።