ማስተካከያ፦ ለግንባታ ቦታ ስንት ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት?

በአሜሪካ ለሚሠሩ ተቋራጮች ባወጣነው ጽሑፍ «ለ40 ሠራተኛ አንድ ሽንት ቤት ይበቃል» ያልነው ስህተት ነው። የአገሪቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሆነው የኦሻ ደንብ እስከ 20 ሠራተኛ አንድ ሽንት ቤት፣ ከዚያ በላይ ለየ40ው አንድ መቀመጫና አንድ የወንዶች መሽኛ፣ ከ200 ጀምሮ ደግሞ ለየ50ው እንዲሁ ይጠይቃል። መሽኛውን ዘለን ነበር።

ይህም ቢሆን የሕጉ ዝቅተኛ ልክ እንጂ የእቅድ መነሻ አይሆንም። ሥራው በሳምንት 40 ሰዓት ሆኖ ታንኩ በሳምንት አንዴ የሚመጠጥ ከሆነ፣ የተለመደው ስሌት ለ10 ሰው አንድ ነው፤ ለ30 ሠራተኛ ሦስት ማለት ነው። 60 ሰዓት ከተሠራ ወይ አምስት ማቆም፣ ወይ በሳምንት ሁለቴ ማስመጠጥ። አለበለዚያ ታንኩ ውስጥ የሚጨመረው ሰማያዊ ኬሚካል ሽታውን መቋቋም ያቅተዋል፤ በሙቀት ወራትማ ይብሳል። መምጠጫ መኪናው የማይደርስበት ጥግ ከተቀመጡ ግን ቁጥራቸው ምንም አይረባም።