«ከጥቂት አሳ የተራባ ሁሉ ኮፒ ነው» ለሚለው

ወንድሜ «ከሌላ ቦታ አምጥተው ሀይቅ ውስጥ የጨመሩት አሳ ሁሉ ጂኑ አንድ ነው፣ አንድ በሽታ ከመጣ ድምጥማጡ ይጠፋል» ያልከው እኛም ጅማ የቆሮሶ አሳ ጥብስ ላይ ቁጭ ባልን ቁጥር የምንሰማው ወሬ ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ሂሳቡን እየው፣ በአንድ ትውልድ የሚጠፋው ብዝሃነት (የጂኖቹ መለያየት) በግምት 1 ለወላጆቹ ቁጥር እጥፍ ሲካፈል ነው፣ ስለዚህ 5 ወንድ 5 ሴት ብትጨምር 1/20 ማለትም 5% ብቻ ነው የሚጠፋው፣ ቶሎ ከተራቡ ደግሞ ኪሳራው እዛው ላይ ይቆማል ማለት ይቻላል። ቶሎ የሚጠፋው ብርቅዬው ጂን ነው፣ አንድ አሳ ብቻ ይዞት ከነበረና እሱ ካልመጣ በቃ የለም። ራውንድ ጎቢ የሚባለው አሳ ከጥቁር ባህር አካባቢ በባላስት ውሃ (መርከብ ሚዛኑን ለመጠበቅ በሚጭነው ውሃ) ሰሜን አሜሪካ ገብቶ 1990 እ.ኤ.አ. ሴንት ክሌር ወንዝ ላይ ታየ፣ ሲመረመር ዘረመሉ ብዙ አይነት ነበር፣ ምክንያቱም በብዛት ነው የገባው። አንተ ያልከው የሚሰራው ኩሬ ላይ ነው፣ ሰውዬው በየዓመቱ ከዛችው ኩሬ ሁለት ሦስት ትልልቁን እየመረጠ ሲያራባ፣ እዛ ላይ እውነትህን ነው።