ፕሮፎርማውን ማን ያንብብላቸው?

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዲት እናት ቤታቸው ጠሩኝ። የሚኖሩት ሰንሻይን ነው፣ ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተምዕራብ። ቡናው ገና እየተቆላ ስልካቸውን አቀበሉኝ። «እስኪ ልጄ፣ ይቺን እያት» አሉኝ።

ከአራት ቀን በፊት አንድ የሶላር ሻጭ በራቸውን አንኳክቶ ነበር። ትሑት ልጅ ነው አሉ፤ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው። «መንግሥት በነጻ እየሰጠ ነው፣ ዕድሉ እንዳያመልጥዎት» ብሏቸዋል። እሳቸውም የልጁን ታብሌት ተቀብለው በጣታቸው ፈረሙ።

የተላከላቸውን ፕሮፎርማ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፓነሉ አለ። 40 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለ። የክፍለ ግዛቱ ድጎማ ተቀንሷል፣ የፌዴራሉም ተቀንሷል። ከዚያ በታች አንዲት መስመር አለች፦ ወለድ የሌለው ብድር፣ 1,400 ዶላር። ከሷም በታች ቀሪው ሒሳብ ለአንድ አበዳሪ ድርጅት በየወሩ፣ ለሰባት ዓመት እንደሚከፈል ተጽፏል።

«እማማ፣ ብድር እንዳለበት ነግሮዎታል?»

«የምን ብድር? ነጻ ነው ብሎኝ!»

ይህን የምጽፈው ሰው ሶላር እንዳያስገጥም ለማስፈራራት አይደለም። እኔ ራሴ ካስገጠምኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ተጠቅሜበታለሁ። ድጎማውም እውነት ነው። የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በጀመረችው ፕሮግራም፣ ሶላር ቪክቶሪያ በሚባለው መሥሪያ ቤት በኩል፣ ለቤት ባለቤቶች እስከ 1,400 ዶላር ትሰጣለች። ያንኑ ያህል ደግሞ ያለ ወለድ ታበድራለች። ብድሩ በወር 29 ዶላር ገደማ እየተከፈለ በ4 ዓመት ያልቃል። መስፈርቱም ብዙዎቻችንን ያስገባል። የባለቤቶቹ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ተደምሮ በዓመት ከ210,000 ዶላር፣ የቤቱም ዋጋ ከ3 ሚሊዮን ዶላር መብለጥ የለበትም። ይህን የሚያሟላ የታክሲ ሹፌር፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ወገናችን ብዙ ነው።

ለባትሪ ክፍለ ግዛቷ ትሰጠው የነበረው ብድር በ2025 ተዘግቷል። የፌዴራሉ መንግሥት ግን ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ከባትሪ ዋጋ ላይ 30 በመቶ ገደማ መቀነስ ጀምሯል። ሁለቱም ድጎማዎች ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሊገናኙ ይችላሉ። ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ታዲያ እማማ ምን ሆነው ነው እንዲህ የገቡበት? መልሱ ያለው ማመልከቻው በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ከተፈቀደላቸው ሻጮች አንዱን ትመርጣለህ። ሻጩ ፕሮፎርማውን ራሱ ወደ መንግሥት ድረ ገጽ ይጭነዋል። ከዚያ ለአንተ ኢሜይል ይመጣል። ማንነትህን፣ የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) ክፍያ ደብዳቤህን፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ የላከልህን የገቢ ማረጋገጫ ታስገባለህ። ሲፈቀድልህ ቀን ይያዛል። በገጠማው ቀን በስልክህ ላይ ያለውን ኮድ ገጣሚው ስካን ያደርጋል። ድጎማው የሚከፈለው ለሻጩ ነው፤ ካንተ ሒሳብ ላይ አስቀድሞ ተቀንሷል።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ መልካም ነገር አለው። ቤተሰቡ ሙሉውን ዋጋ ከኪሱ አውጥቶ «መንግሥት መቼ ይመልስልኝ ይሆን» እያለ አይጠብቅም። ይህ እንዲነካ አልፈልግም። ነገር ግን መንግሥት ለቤተሰቡ የሚሰጠው ቃል የሚደርሰው በሻጩ አንደበት ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ድረ ገጹን ከፍቶ ያመሳክራል። የማያነብ ግን ሻጩ ያለውን ነው የሚያውቀው። ሻጩ «ነጻ» ካለ ነጻ ነው። ኢሜይሉ ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከፍቶ የሚሞላው ያው ሻጭ ነው፣ በእናትየዋ ስልክ።

ሻጮች ሁሉ አታላይ ናቸው እያልኩ አይደለም። ጨዋ ባለሙያ አውቃለሁ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ «ይህ ቤት ለሶላር አይሆንም፣ ዛፉ ያጠላበታል» ብሎ የሄደ። ግን አንድ ቤተሰብ መልካም ሰው ይገጥመዋል ብሎ ሥርዓት መዘርጋት አይቻልም።

ወረቀቱ ራሱም ለእኛ አልተሰፋም። የእኛ ስም አጻጻፍ የሚታወቅ ነው። ባልና ሚስት የአባት ስማቸው የተለያየ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል የተጻፈው «ወርቅነሽ» መንጃ ፈቃዱ ላይ በሌላ፣ የካውንስሉ ደብዳቤ ላይ በሦስተኛ ይጻፋል። አንድ ፊደል ስለጎደለ ብቻ ማመልከቻው ሲመለስ አይቻለሁ። ቤቱን ባንክ ያበደረው ለልጅ ይሆንና ወላጆች ብቻ ይኖሩበታል። ያኔ የቤቱ ባለቤት ማነው፣ የሚኖርበትስ ማነው የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ታክሲ የሚነዳውና በራሱ ስም የሚሠራው ወገናችን ደግሞ የግብር ሒሳቡን ካዘገየ የገቢ ማረጋገጫው የለውም። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ ሰው ቁጭ ብሎ ካገዛቸው። ሳያገኙ ሲቀሩ ግን «ለእኛ አይደለም» ብለው ይተዉታል።

አሁን ወደ ባትሪው ልመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ገንዘብ እሱ ላይ ነው።

እማማ ከአንድ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ለነሱ ምን ያደርጋል? ቀን የሚመረተው ኤሌክትሪክ ያን ያህል ባትሪ ቢሞላ እንኳ፣ ማታ ሁለት ሰው ያን ሁሉ አይጨርሰውም። የተሸጠላቸው ባትሪው ሲተልቅ ድጎማውም አብሮ ስለሚያድግ ነው። ይህ የሳቸው ብቻ ችግር አልነበረም። በመላው አውስትራሊያ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ትልልቅ ባትሪ ስላስገባ መጀመሪያ የተያዘው 2.3 ቢሊዮን ዶላር እንደማይበቃ ታወቀ። መንግሥት በዲሴምበር 2025 በጀቱን ወደ 7.2 ቢሊዮን አሳደገው፤ ደንቡንም ለወጠ። ከሜይ 1፣ 2026 ጀምሮ ሙሉ ድጎማ የሚሰጠው ለመጀመሪያው 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከ14 እስከ 28 ላለው 60 በመቶው፣ ከ28 እስከ 50 ላለው 15 በመቶው ብቻ። ትክክለኛ ለውጥ ነው እላለሁ። ሻጩ ትልቁን የሚገፋበትን ምክንያት ቀንሶታል።

ባትሪ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግን እውነተኛ ነው። ድሮ ከጣሪያህ ተርፎ ወደ ሕዝብ የኤሌክትሪክ መስመር ለምትመልሰው ኤሌክትሪክ ደህና ይከፈልህ ነበር። በቪክቶሪያ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያወጣው ዝቅተኛ ተመን በ2024–25 ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3.3 ሳንቲም ነበር። በ2025–26 ወደ 0.04 ሳንቲም ወረደ። በዚህ ዝቅተኛ ተመን 100 ኪሎዋት ሰዓት ብትልክ 4 ሳንቲም ታገኛለህ ማለት ነው። ያንኑ ኤሌክትሪክ ማታ ስትገዛው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 30 ሳንቲም አካባቢ ትከፍላለህ። ስለዚህ የቀኑን ለማታ ማቆየት ያዋጣል።

ከባትሪ በፊት ግን ምጣዱ አለ። ቤታችን ውስጥ እንደ እንጀራ ምጣድ ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚጋግረው ማታ ነው፣ ከሥራ ሲመለስ፣ ልክ ኤሌክትሪክ ውድ በሆነበት ሰዓት። ሶላር ያለው ቤት እንጀራውን ቀትር ላይ ቢጋግር፣ ልብሱንም ያኔ ቢያጥብ፣ የሚያስፈልገው ባትሪ ያንሳል። ይህን ምክር ከሻጭ ሰምቼ አላውቅም። አይፈረድበትም፣ ምጣድ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለዚህ ነው የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው መቀመጥ ያለበት።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ የእኛ ሰው ልቡ የሚደነግጥበት። «መብራት ሲጠፋስ?» አገር ቤት ያደገ ሰው ባትሪ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። እማማም ከሁሉ በላይ የወደዱት ይህን ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 የመታው ማዕበል በቪክቶሪያ ከ500,000 በላይ ደንበኞችን መብራት አሳጥቶ ነበር፤ እሳቸውም ፍሪጃቸው ውስጥ ያለውን ሥጋ መጣላቸውን አልረሱም። ፕሮፎርማቸውን ሳየው ግን መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚያበራው ተጨማሪ መስመር አልተካተተም። ሰው ይህን አያውቅም። ፓነል ብቻውን መስመር ሲቋረጥ ይጠፋል፤ መስመር ላይ የሚሠሩትን ሠራተኞች እንዳይጎዳ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ባትሪም ቢሆን ለመጠባበቂያ ተብሎ ካልተገጠመ አያበራም። ይህ ለብቻው የሚጠየቅ፣ ለብቻው የሚከፈልበት ነገር ነው። 40 ኪሎዋት ሰዓት ሞልቶ ተቀምጦ፣ እማማ ሻማ ፍለጋ ሊወጡ ነበር።

ተከራዮችን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፍሌሚንግተን፣ ኖርዝ ሜልበርንና ካርልተን ባሉት የመንግሥት ፎቆች ውስጥ የሚኖረው ወገናችን ጣሪያ የለውም፤ ይህ ሁሉ ድጎማ በራሱ ላይ ያልፋል። የግል ቤት የሚያከራይ ሰው ለድጎማው ማመልከት ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ቢሉ የሚቀንስለት ግን ተከራዩ ስለሆነ አከራዩ አይቸኩልም። የቤት ባለቤት ያልሆነው ከሁሉ በላይ ቢል የሚከብደው ሰው ነው። እሱን የሚረሳ የሶላር ፖሊሲ ጎዶሎ ነው።

እነዚያው ፎቆች ሌላም ነገር ያስታውሱኛል። በጁላይ 2020፣ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ዘጠኙ ያለ ማስጠንቀቂያ በፖሊስ ተዘጉ። ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን እየሆነ እንደሆነ በቋንቋቸው የነገራቸው ሳይኖር ቀናት አለፉ። ሰነድ ተርጉመው፣ ደውለው፣ በር ላይ ወረቀት ለጥፈው ያደረሱት የማኅበረሰቡ ወጣቶች ነበሩ። የክፍለ ግዛቷ ዕንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት መጨረሻ የነዋሪዎቹ ሰብዓዊ መብት መጣሱን ጽፋለች። ከዚያ በኋላ «በቋንቋ መድረስ ከባድ ነው» የሚል ባለሥልጣን ካለ አልቀበለውም። እንደሚቻል ልጆቻችን አሳይተዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቤተሰቡ ከሻጭ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ራሱ «ለዚህ ድጎማ ብቁ ነኝ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅበትና መልስ የሚያገኝበት መንገድ ይኑር፣ በአማርኛም በትግርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም። ሁለተኛ፣ ከፊርማ በፊት አንድ ገጽ ብቻ ይሰጠው። ገጹ ላይ አራት ቁጥር ይኑር፦ ሙሉ ዋጋው፣ ድጎማው፣ ብድሩ፣ በመጨረሻ ከኪሱ የሚወጣው። ሦስተኛ፣ ለማስታወቂያ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጥ፣ ፕሮፎርማ አንብቦ የሚያስረዳ ሰው እንዲቀጥሩ። ሻጭ ያልሆነ፣ ከሽያጩ ምንም የማያገኝ ሰው።

መንግሥት እስኪሰማ እኛም አንቀመጥ። ዕድራችን ለቀብር ብቻ አይደለም። በየወሩ ስንሰበሰብ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ጥግ ላይ ቢቀመጥ የስንቱን ቢልና ፕሮፎርማ ያያል። ጣሪያው ወደ ሰሜን መዞሩን ያያል፤ እዚህ ፀሐይዋ በሰሜን በኩል ስለሆነች ደቡብ ላይ የተለጠፈ ፓነል ብዙ አያመርትም። አስተርጓሚ ካስፈለገ 131 450 ይደወላል። ከሁሉም በላይ፣ ማንም ሰው ሻጩ በመጣበት ቀን አይፈርም።

ሕጉ ከእማማ ጋር ነበር። ሳይጠሩት በር አንኳክቶ የመጣ ሻጭ ያስፈረመውን ውል በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል። ሰኞ ጠዋት በጽሑፍ ላክን። ሻጩ ደጋግሞ ደወለ፤ እማማ አላነሱለትም። ከዚያ ከሦስት ሌሎች ሻጮች ፕሮፎርማ ጠየቅን፤ ሦስቱንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን መስመር በመስመር በአማርኛ አነበብናቸው። የመረጡት 6.6 ኪሎዋት ፓነልና 13 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁንና ሳሎኑን የሚያበራ መስመር ጭምር። የአበዳሪ ድርጅቱ ብድር ቀርቶ ቀሪውን ዕቁብ በደረሳቸው ወር ከፈሉ።

የክፍለ ግዛቱን 1,400 ዶላር ብድር ግን ወሰዱት። ወለድ እንደሌለው፣ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ግድግዳቸው ላይ ከተሰቀለው የቤተክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ጎን «29 ብር በወር፣ 4 ዓመት» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈዋል። ዶላሩን ዛሬም ብር ነው የሚሉት።